የሰፈር ቡድን ሲያዝ፦ ከማሊያ በፊት የቅልጥም መከላከያ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ደሴም ኮምቦልቻም ኳስ በኳስ ይሆናሉ። ሆጤ ሜዳ ብትሄዱ፣ ገራዶ ብትወርዱ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ባዶ ቦታ ብታዩ ከሰዓት በኋላ ሁለት ቡድን አታጡም። የሰፈር ዋንጫ ይዘጋጃል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ማሊያ ይታተማል። ከዚያ አንዱ ተመርጦ "አንተ ቡድኑን ያዝ" ይባላል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፣ ረዳት የለውም፣ ሐኪም የለውም። ግን የሰው ልጆች እግርና ጭንቅላት በእጁ ናቸው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ማን ይሰለፍ የሚለውና ልጆቹን ከጉዳት እንዴት እንጠብቅ የሚለው አንድ ሥራ ነው። አብዛኛው ቡድን አሰላለፉን ለአሰልጣኙ፣ መከላከያውን ደግሞ ለተጫዋቹ ኪስ ይተወዋል። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ ካልሲውን ከፍ አድርጎ "ደህና ነኝ" ይላል። ለምን? ዛሬ ከወጣ ነገ ቦታው የሌላ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ከጓንትም ከፋሻም በፊት የሚያስፈልገው መከላከያ "ተጎድቻለሁ" ብሎ የተናገረ ልጅ ቦታውን እንደማያጣ ማረጋገጥ ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስንት ሰው ልያዝ?

መጀመሪያ የውድድሩን ደንብ አንብቡ። በቃል ሳይሆን በወረቀት። ስንት ሰው ይመዘገባል፣ ስንት ይቀየራል፣ ዕድሜ በምን ይረጋገጣል፣ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት ይችላል ወይ። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። የእግር ኳስ ሕጉ ራሱ በታዳጊና በሰፈር ደረጃ የአገሩ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከተስማማ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ይፈቅዳል። የእናንተ ውድድር ደንብ ገና ካልጸደቀ በስብሰባው ላይ ይህን አንሱ። ልጁ ለአምስት ደቂቃ ወጥቶ እግሩን አሳይቶ መመለስ ከቻለ ሕመሙን አይደብቅም። መመለስ ካልቻለ ግን እያነከሰ እስከ መጨረሻው ይሮጣል።

እኔ 18 ሰው እላለሁ። 14 ያንሳል። በክረምት ልጆች ገጠር ዘመድ ጋ ይሄዳሉ፣ ሱቅ ይጠብቃሉ፣ ሥራ ያገኛሉ፣ ጉንፋን ይይዛቸዋል፣ ቢጫ ካርድም አለ። ሕጉ ደግሞ ሜዳ ላይ ከ7 ሰው በታች ያለው ቡድን ጨዋታ አይጀምርም፣ አይቀጥልምም ይላል። 25 ደግሞ ይበዛል። ሰባት ስምንት ልጅ ክረምቱን ሙሉ ዳር ቆሞ ይወጣል፣ መከላከያውም ለሁሉም አይዳረስም።

ከ18ቱ ውስጥ ሁለቱ በረኞች ይሁኑ። በዚህ አልደራደርም። በተጨማሪ ከተከላካዮች ወይም ከአማካዮች አንዱ በሳምንት አንዴ ጓንት አድርጎ በረኛ ሆኖ ይለማመድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቼልሲ ሬዲንግ ሜዳ ላይ ሲጫወት የሆነውን አስታውሱ። ጨዋታው ገና እንደተጀመረ የቼልሲው በረኛ ፔትር ቼክ ኳስ ሊይዝ ወድቆ ሳለ የሬዲንጉ ስቴፈን ሀንት ጉልበት ጭንቅላቱን መታው። የራስ ቅሉ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የተካው ካርሎ ኩዲቺኒም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአየር ላይ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወጣ። የበረኛ ማሊያ የለበሰው ተከላካዩ ጆን ቴሪ ነበር። ቼልሲ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ግን የዓለም ሀብታም ክለብ በአንድ ከሰዓት ሁለት በረኛ ካጣ የእናንተን ሰፈር ምን ይጠብቀዋል? አንድ በረኛ ብቻ ያለው ቡድን በረኛው ሲመታ "ቻለው በቃ" ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። የሁለተኛ በረኛ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ማን ይግባ?

ልምምድ የመጣ ይቅደም። አብዶኛው ልጅ ሁሉን ያስጨበጭባል፣ እወደዋለሁም። ግን ሐሙስ ቀርቶ ቅዳሜ ቋሚ ከሆነ ሌሎቹ ሐሙስ መምጣት ያቆማሉ። ሰውነቱ ያልተሟሟቀ ልጅ ደግሞ የጭኑ ጡንቻ የሚሸመቅቀው በመጀመሪያው ሩጫ ነው።

ዕድሜ ላይ ጠንከር በሉ። ከ15 ዓመት በታች በሚባል ውድድር ጢም ያወጣ ጎረምሳ ማስገባት ማጭበርበር ብቻ አይደለም፣ አደጋም ነው። 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ65 ኪሎ ጋር ለአንድ ኳስ ሲዘል ማን እንደሚወድቅ የታወቀ ነው። የእናንተ ቡድን ውስጥ ራሱ በአንድ ዓመት ልዩነት ሰውነታቸው በጣም የሚራራቅ ልጆች አሉ። ትንሹን ከመሀል ፍልሚያ አውጥታችሁ መስመር ላይ አጫውቱት።

ለግማሽ ፍጻሜና ለፍጻሜ ከክለብ ተጫዋች የመዋስ ልማድ አለ። እኔ እቃወማለሁ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የሮጠ ልጅ በመጨረሻው ቀን ለማያውቀው ሰው ማሊያውን አውልቆ ሲሰጥ ማየት ያማል። የተዋሰው ተጫዋችም ቢሆን ሰፈር ሜዳ ላይ ቢሰበር የክለቡ ቦታው ይሄዳል። ማን ያሳክመዋል? አስቀድሞ ያሰበበት ሰው የለም።

የሚጾሙ ልጆችን በጾማቸው ምክንያት ከዝርዝር አታውጡ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ብዙ ጊዜ ከውድድሩ መሀል ላይ ይወድቃል። ረመዳን ሲገጥም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃም የለም። ልምምዱን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አስጠጉት፣ ያንን ሳምንት ሩጫ ቀንሱ፣ በግጥሚያ ላይ ደግሞ ቀድማችሁ ቀይሩ። ልጁም ቤተሰቡም ያመሰግኗችኋል።

ዝርዝሩ ከዋዜማው ማታ አይለፍ። ሜዳ ዳር ማሊያ እየወረወሩ ስም መጥራት ይቅር። ከ18 ውጭ የሆነውንና ከቋሚ ወደ ተቀያሪ የወረደውን ለብቻው ጠርታችሁ ምክንያቱን ንገሩት። ምክንያቱ ሊያናድደው ይችላል፣ ግን ከጓደኛው አፍ መስማቱ ይብሳል።

ማሊያ የገዙ ሰው "የእኔ ልጅ ይሰለፍ" ሊሉም ይመጣሉ። በአክብሮት ግን ሳትሸሹ መልሱ። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ያለ እርስዎ ቡድኑም አይኖርም ነበር። ልጁ ግን ጉልበቱ ገና ነው፣ እስኪድን እንጠብቀው" ካላችሁ ብዙ አባት ይረዳል። ካልተረዳም እናንተ የያዛችሁት የልጁን ጉልበት ነው።

"ቦታህ ይጠብቅሃል"

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሁሉንም ሰብስባችሁ ይህን ንገሩ፦ ጉዳቱን ራሱ የተናገረ ልጅ ሲድን በሚመጣው የመጀመሪያ ጨዋታ ቢያንስ አንድ ግማሽ ይጫወታል። ጉዳቱን ደብቆ የገባ ግን አንድ ጨዋታ ይቀመጣል። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምበሉና እናንተ ፈርሙበት።

ከባዱ ነገር የሚመጣው የተካው ልጅ ጥሩ ሲጫወት ነው። ሁለት ግብ አግብቷል፣ ደጋፊው ስሙን ይጠራል፣ የተጎዳው ደግሞ ድኖ መጥቷል። አብዛኛው አሰልጣኝ እዚህ ላይ ቃሉን ያጥፋል። እናንተ ቃላችሁን አትጠፉ። ያንን ቀን የሚያዩዋችሁ ሁለቱ ልጆች ብቻ አይደሉም፣ የቀሩት ሁሉ ናቸው። ቃላችሁን ካጠፋችሁ ከዚያ በኋላ ማንም ሕመሙን አይነግራችሁም። ለተካው ልጅም ከመጀመሪያው "የእሱ ቦታ ነው፣ ሲድን ይመለሳል፣ ለአንተም ሌላ ቦታ እንፈልጋለን" በሉት። እውነት እስከሆነ ድረስ ይቀበላል።

ዳነ የምንለው መቼ ነው? "ሕመሙ ቀለለኝ" ስላለ ብቻ አይደለም። በተጎዳው እግር ብቻ ደጋግሞ ይዝለል፣ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ድንገት ይቁም፣ ወደ ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይሩጥ፣ በመጨረሻም ኳስ በኃይል ይምታ። ከነዚህ በአንዱ ፊቱን ካኮሳተረ ገና ነው።

መከላከያው

መዋጮ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚታሰበው ማሊያ ነው። ስም ይታተም፣ ቁጥር ይታተም፣ የደጋፊው ስም ደረት ላይ ይለጠፍ። እኔ ደግሞ 18 የቅልጥም መከላከያ ሳይገዛ የማሊያ ብር አይነካ እላለሁ። በአሮጌ ማሊያ መጫወት ይቻላል። አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ቲሸርትም ይበቃል። የተሰበረ ቅልጥም ግን ወራት ይወስዳል፣ ሕክምናው ደግሞ ከማሊያው ይበልጣል።

የቅልጥም መከላከያ በጨዋታው ሕግ ግዴታ ከሆነ ቆይቷል፣ ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ። ሕጉ ተገቢ ጥበቃ ከሚሰጥ ነገር የተሠራ ይሁን፣ በካልሲ ይሸፈን ይላል። ሲገዛ ቁመቱን እዩ። ከጉልበት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወረድ ብሎ ይጀምር፣ ከቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም። ከእግሩ ቅርጽ ጋር ይግጠም፣ ሲሮጥ አይዙር። አሁን ልጆች ትልልቆቹ ኮከቦች ስለሚያደርጉት የክብሪት ሳጥን የምታክል ትንሽዬ መከላከያ ይፈልጋሉ። እሷ ዳኛን ታሳልፍ ይሆናል፣ ቅልጥምን ግን አትሸፍንም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ሕጉ የመጠኑን ኃላፊነት ለተጫዋቹ ሰጥቷል። ተጫዋቹ የ14 ዓመት ልጅ ሲሆን ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

ካርቶን ቆርጦ ካልሲ ውስጥ መክተት የቆየ ልማድ ነው። ደረቅ ቀን ላይ ከምንም ይሻላል። በሐምሌ ጭቃ ግን በአሥር ደቂቃ ይረጥባል፣ ይታጠፋል፣ ያልቃል። ብር እስኪገኝ ለልምምድ የምመክረው ከወፍራም ጀሪካን ፕላስቲክ መቁረጥ ነው። በልጁ ቅልጥም ልክ ቁረጡት፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፣ ዙሪያውን በጨርቅ ልጥፍ ጠቅልሉት፣ ከውስጥ ስፖንጅ አስፉበት። ስለታም ጠርዝ ያለው ፕላስቲክ ሲሰነጠቅ ራሱ እግር ይቆርጣል፣ ስለዚህ ለግጥሚያ አትጠቀሙበት፤ ዳኛውም ላይቀበለው ይችላል።

ስፖርት ከልማዱ ለመላቀቅ ይዘገያል። አሜሪካኖች በሚወዱት ቤዝቦል ሬይ ቻፕማን የሚባል ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1920 የተወረወረ ኳስ ጭንቅላቱን መቶት በማግስቱ ሞተ። በዋናው ሊግ የመቺው ሄልሜት ለአዲስ ገቢዎች ግዴታ የሆነው በ1971 ነው፣ ነባሮቹ ከፈለጉ ያለሱ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ቦብ ሞንትጎመሪ የሚባለው እስከ 1979 ድረስ ያለ ሄልሜት መትቷል። ሰው ሞቶበት እንኳ ይህን ያህል ጊዜ የፈጀ ነገር በእኛ ሰፈር በምክር ብቻ አይስተካከልም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ይሁን፦ የቅልጥም መከላከያ ያላደረገ ልምምድም አይገባም። ኮከቡም ቢሆን።

ታኬታ መዋዋስ ሌላው ችግር ነው። ቀያሪው ሲገባ የወጣው ልጅ ጫማውን አውልቆ ይሰጠዋል። አንዱ 40 ቁጥር ነው፣ ሌላው 42። እግሩ ጫማው ውስጥ ይንሸራተታል፣ ጥፍሩ ይነቀላል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል። ዝርዝር ስታወጡ ከስሙ ጎን የጫማ ቁጥሩን ጻፉ። ሰልባጅ ታኬታ ርካሽ ሲገኝ የቡድን ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፣ ዓመት ለዓመት ይሸጋገራል። ስትገዙ ሶሉን በሁለት እጅ እጠፉት፣ መሀሉ ላይ ከታጠፈ ተዉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ጋ ነው። የብረት ጥርስ ካለው በእጃችሁ ዳስሱት፣ የተሳለ ጠርዝ የሌላውን ሰው እግር ይቀዳል።

በረኛው ከጓንት ሌላ ረጅም ሱሪና ክርኑ ላይ ስፖንጅ ያለው ሹራብ ይኑረው። የእኛ ሜዳ ሣር ብቻ አይደለም፣ ጠጠርም አለው። ቼክ ከጉዳቱ በኋላ በጨዋታ ዘመኑ ሁሉ ያደረገው የጭንቅላት መሸፈኛ ለሁሉም አያስፈልግም። ምቱን ያለዝባል፣ ጭንቅላት እንዳይፈነከት ይረዳል፣ ግን አንጎል ውስጥ የሚደርሰውን መናወጥ ያስቀራል ብላችሁ አትተማመኑበት።

ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ የእጅ አምባር፣ የአንገት ሐብል ሁሉም ይውለቅ። በፕላስተር መሸፈን በሕጉ አይፈቀድም። ማተብ ላይ መስቀል ያንጠለጠለ ልጅ ካለ ጉዳዩን ሜዳ መሀል ዳኛ ፊት አታንሱት። ቀደም ብላችሁ ከልጁና ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፣ መስቀሉን እናቱ ጋ ያስቀምጥ፣ ስለ ክሩም ዳኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለሴቶች ቡድን ደግሞ ሒጃብ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሕጉ ተፈቅዷል። ከማሊያው ጋር ያልተያያዘ፣ ያለ መርፌ ቁልፍ የሚለበስ ይሁን። መርፌ ቁልፍ ለዓይን አደገኛ ነው።

ጭንቅላት

እዚህ ላይ ክርክር የለም። ጭንቅላቱን ተመቶ የዞረበት፣ የተደናገረ፣ ውጤቱን የረሳ፣ ብርሃን የበዛበት፣ ያቅለሸለሸው ልጅ ወዲያው ይወጣል። በዚያ ቀን አይመለስም። ራሱን ባይስትም። ውሃ ፊቱ ላይ ረጭቶ መመለስ ሕክምና አይደለም። ሁለተኛ ምት ገና ባልዳነ አንጎል ላይ ካረፈ፣ በተለይ በታዳጊ ላይ፣ ሊገድል ይችላል።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት። የዚያን ሌሊት ብቻውን አይተኛ፣ ለእናቱ ምን ምን ማየት እንዳለባት ንገሯት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2023 ለሰፈር ደረጃ ስፖርት ያወጡት መመሪያ ጭንቅላቱ የተናወጠ ተጫዋች ከ21 ቀን በፊት ወደ ግጥሚያ አይመለስ ይላል። ክረምት አጭር ስለሆነ ይህ ማለት ለብዙ ልጅ ውድድሩ አለቀ ማለት ነው። ይለቅ። በዚህም ቢሆን "ቦታህ ይጠብቅሃል" የሚለው ቃል ይሠራል፤ ለሚመጣው ክረምት።

ለትንንሾቹ ቴስታ አታለማምዱ። አሜሪካ ውስጥ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታ ከተከለከለ ቆይቷል። በእኛ ሜዳ ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ የከበደ አሮጌ ኳስ አለ፤ እሱን ትልልቆቹም በጭንቅላት ባይነኩት ይሻላል።

ወለምታና ወጌሻ

ቁርጭምጭሚት ሲዞር መጀመሪያ ጫማውን አላሉለት፣ አስቀምጡት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት። በረዶ ካገኛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። በረዶ ካጣችሁ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በፌስታል ይጠቅማል። ከዚያ በፋሻ መጠነኛ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸት፣ ማሞቅ፣ ትኩስ ቅቤ መቀባት እብጠቱን ያብሳል። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ ካመመው ራጅ ይነሳ።

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ። ብዙ ልጅ አስታመዋል፣ ሌሊት ቢጠሩ ይመጣሉ፣ ከሚጠይቁት የሚሰጡት ይበልጣል። ግን አጥንት ተሰብሯል ተብሎ ሲጠረጠር መጀመሪያ ራጅ፣ ከዚያ ሌላው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደም እንዳይደርስ ያደርጋል፣ በዚህም እግራቸው እስኪቆረጥ የደረሱ ሰዎች አሉ። የታሰረው እግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ፣ ሕመሙ ከመታሰሩ በፊት ከነበረው ከባሰ ማሰሪያው ያንጊዜውኑ ይላላ፣ ልጁም ሆስፒታል ይሂድ። ይህን ለወጌሻውም በትህትና ንገሩ፤ ጥሩ ወጌሻ ይሰማችኋል።

ሜዳው፣ ሰማዩ፣ መንገዱ

ከጨዋታ በፊት ሁለት ልጆች ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ይሂዱበት። ጠርሙስ፣ ሽቦ፣ ድንጋይ ይልቀሙ። ተንቀሳቃሽ የብረት ግብ ካለ ከኋላው በአሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ይጫኑበት። ማንም አግዳሚው ላይ እንዳይንጠለጠል። የወደቀ ግብ የገደላቸው ልጆች በብዙ አገር አሉ።

ከሰዓት ላይ የጦሳ ተራራ ጥቁር ደመና ሲለብስ ዝናቡ ብቻ ቢመጣ ደህና ነበር። ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው ይቁም። ባህር ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። አዘጋጁ "ሰዓት አለቀብን" ቢል እንኳ ቡድናችሁን አውጡ፣ ፎርፌ ቢሰጥባችሁም ይሰጥ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚወጣ ቡድን ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይሳሳል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች። ልጆቹ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ካልተቆጠቡ በሁለተኛው ግማሽ እግራቸው ይከብዳል፣ የደከመ እግር ደግሞ ኳሱን ሳይሆን ሰውን ይመታል። ስለዚህ ሁለቱን የመስመር ተጫዋቾች ገና ከእረፍት መልስ ለመቀየር አስቀድማችሁ እቅድ ያዙ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርደው ችግሩ ሙቀቱ ነው። ውሃ በብዛት ያዙ፣ ከጨዋታው በፊትም ያጠጡ።

ጫት ቅመው ሊጫወቱ የሚመጡ ትልልቅ ልጆች ካሉ በዚያ ቀን አታሰልፏቸው። ልቡ ቀድሞውኑ የሚሮጥ ሰው ላይ ሩጫ አይጨመርም።

ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ የወደቀ ተጫዋች ካጋጠማችሁ ልቡ ቆሟል ብላችሁ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ መሀል ሲወድቅ የተረፈው ደረቱን ወዲያው መጫን ስለጀመሩና የልብ ማስነሻ መሣሪያ በቅርብ ስለነበር ነው። እኛ መሣሪያው የለንም፣ እጅ ግን አለን። ካልነቃና በትክክል ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኙት። የአንዱን እጅ መዳፍ ደረቱ መሀል፣ ሌላውን በላዩ አድርጋችሁ ክርናችሁን ሳታጥፉ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ግፊት ስጡ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክማችሁ ሌላ ሰው ይተካ፣ ሳይቋረጥ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ባለሙያ ለምናችሁ ይህን በተግባር ያሳያችሁ፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የቡድኑ ሳጥን ውስጥ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ቁስል ማጠቢያ ውሃና ሳሙና፣ መቀስ፣ ትርፍ የቅልጥም መከላከያና አንድ ደብተር ይኑር። ደብተሩ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ የጫማ ቁጥር፣ አስም ወይም የሚጥል ሕመም ካለበት እሱ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የእናቱ ወይም የአባቱ ስልክ ይጻፍ። የባጃጅ ሹፌር የሆነ ጎረቤት ካላችሁ የግጥሚያ ቀን ሜዳ ዳር እንዲቆም ለምኑት፣ ስልኩንም የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ደብተሩን የሚይዘው እናንተ ሳትሆኑ ከተቀያሪዎቹ አንዱ ይሁን፤ እናንተ ከተጎዳው ልጅ ጋር ስትሆኑ ስልክ የሚደውለው እሱ ነው።